ይከመር ወይስ ይደር

በኅዳር ወር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ከጮኸ ማን እንደሚደውል ለማወቅ ማየት አያስፈልገኝም። አባቴ ናቸው። በሌላ ጊዜ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ከከብቱ ጀምረው እስከ ጎረቤት ሕመምተኛ ሳይደርሱ አያቆሙም። ኅዳር ላይ ግን ሰላምታ የለም። «ዛሬስ ምን ይላል?» ይሉኛል። ማን ምን እንደሚል አይነግሩኝም። ስልኩም፣ ሬዲዮውም፣ መንግሥትም፣ ሰማዩ ራሱም በእኔ አፍ የሚናገሩ ይመስላቸዋል።

እኔ እንጅባራ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ወላጆቼ ከግምጃ ቤት አለፍ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ካለ ቀበሌ ይኖራሉ። ቤታቸው ያለበት ቦታ ረባዳ ስለሆነ ኔትወርክ አይደርሰውም። ለመደወል አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ጉብታ መውጣት አለባቸው። ሰባ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁም በየጠዋቱ ጥርሴን ነክሼ ነው ስልኩን የማነሳው። ሰው አባቱ ሲደውሉለት ደስ ሊለው ይገባል። እኔን ኅዳር ላይ ደስ አይለኝም፤ የምደብቅበትም ምክንያት የለኝም።

ለምን እንዲህ እንደምናደድ እንዲገባ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። በአሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ወደፊቱ ጊዜ መናገርን የማስተምርበት ሳምንት አለ። ዋናው ቃል «ፕሬዲክት» ነው። በአጭሩ መተንበይ ማለት ነው፤ እኔ ግን በአጭሩ የሚባል ነገር አልወድም። ቃሉ ዘመዶች አሉት፤ እያንዳንዱም የየራሱ ጠባይ አለው። «ፎርካስት» ለአየር ሁኔታና ለገበያ ይሆናል፤ ከጀርባው መለኪያና ስሌት አለ። «ፎርቴል» የነቢይና የጠንቋይ ነው፤ የቢሮ ሰው አይነካውም። «ኤክስፔክት» መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ለመጠበቁ ምክንያት አለው። «ጌስ» ተራ ግምት ነው፤ ባይሆን ማንም አይፋረድህም። እኔ ከሁሉም የምወደው «አንቲሲፔት»ን ነው። ይመጣል ብሎ ማሰብ ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ቀድሞ መሰናዳትም አለበት። ዝናብ ይመጣል ብሎ የሚያወራ ሰውና ዝናብ ይመጣል ብሎ ጣራውን የሚጠግን ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስምሬ በሠንጠረዥ እጽፋለሁ።

ተማሪዎቼ ሠንጠረዡን አሳምረው ይገለብጡና ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። «ትናንት ዘነበ ብዬ ፕሬዲክት አደርጋለሁ» ብሎ የጻፈልኝ አለ። አንዷ ደግሞ «ጫግኒ ተወለድኩ ብዬ ፕሬዲክት አደርጋለሁ» አለች። ስለ ራስሽ መወለድ ምን የሚተነበይ ነገር አለ ብዬ ብጠይቃት፣ «ቲቸር፣ እናቴ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አላየሁም» አለችኝ።   ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ራሴን እያመመኝ ነው።

በእነሱ ብቻ ግን አልፈርድም፤ ያደጉት እንዲህ እየሰሙ ነው። መነኸሪያ ሄጄ የዳንግላ ሚኒባስ ስጠይቅ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፤ አሁን እንወጣለን» ይለኛል። ስገባ ከሹፌሩ ጀርባ ያለነው እኔና አንድ ጆንያ ድንች ነን። ልብስ ሰፊው «ሐሙስ ይደርስልሻል» ይላል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይናገርም። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ «አሁን ይመጣል» ትለኛለች፤ እንዲህ የምትለኝ ግን ሻማ እየለኮሰች ነው። ሰው ሁሉ ስለ ነገ ቁርጡን ይናገራል፤ ነገ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ደግሞ በቃል ነገር ግትር ነኝ። «ይሆናል» ማለትና «ሊሆን ይችላል» ማለት እኔ ዘንድ አንድ ሆነው አያውቁም። ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ ምሳ ሰዓት ላይ «ዛሬ ሽሮ ሊኖር ይችላል» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ግትርነቴ ሥራ አመጣብኝ። ከአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ በየአሥር ቀኑ የአየር ትንበያ ወረቀት ይዞልኝ መምጣት ጀመረ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሱ አባዝቶ ለቀበሌዎች ይልካል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበባል። ባለሙያው ሰው አክባሪ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለው። እኔ «በአንዳንድ ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊጥል ይችላል» ብዬ ስጽፍለት እሱ ሰርዞ «ይጥላል» ይለዋል።

«መምህርት፣ ገበሬ የሚፈልገው ቁርጥ ያለ ነገር ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«የሚፈልገውን ሳይሆን ያለውን ነው የምንነግረው» አልኩት።

«‹ሊጥል ይችላል› ካልነው ‹ላይጥልም ይችላል› ማለት እኮ ነው። ታዲያ ምን ነገርነው?»

«እሱኑ ነው የነገርነው። ላይጥልም ይችላል።»

«ይህንንማ ያለ እኛም ያውቀዋል።»

ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን አላስታውስም። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ፤ ወረቀቱ «ሊጥል ይችላል» እንዳለ ወጣ። በወላጆቼ ደብር ሲነበብ አንድ ቄስ «የነገውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» ብለው እንደተቃወሙ ሰማሁ። ከአድማጩ ሁሉ በትክክል የገባቸው እሳቸው ናቸው፤ እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነበር።

አባቴ ግን በሌላ ነገር ኮሩ። ወረቀቱ ሲነበብ አጠገባቸው የቆመውን ሰው በክርናቸው ነካ እያደረጉ «ይኸ የልጄ ቃል ነው» ይሉ እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። የጠዋቱ ስልክ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። ለሕዝብ የሚነበበውን የጻፈች ልጅ ለአባቷ ደግሞ ከዚያ የተሻለውን፣ ለሕዝብ የማይነገረውን ታውቃለች ብለው አሰቡ። አላውቅም ብላቸው አያምኑኝም።

ቁርጥ ነገር መፈለጋቸው ግን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ጤፍ የሚታጨደው በደቦ ነው፤ ያለ ጠላ ደግሞ ደቦ የለም። ጠላ ዛሬ ተጠምቆ ነገ አይጠጣም። እናቴ ከሳምንት በፊት መጠንሰስ አለባት። ጠላው በደረሰ ቀን ሰዉ መምጣት አለበት፤ ካለፈ ይሆመጥጣል፣ የሆመጠጠ ጠላ ያቀረበ ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ደቦ ቢጠራ የሚመጣለት ጥቂት ነው። በዚያ ላይ በዓላት አሉ። ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን ናት፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም። በእነዚህ ቀኖች በእኛ ቀበሌ ማጭድ የሚያነሳ የለም። የቀሩትን ቀኖች ጎረቤቶች በተራ ተካፍለዋቸዋል፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ቀን ነው። ስለዚህ እናቴ ጥንስሱን በጠነሰሰች ሰዓት አባቴ የሚቀጥለውን ሳምንት ሰማይ ተንብየዋል ማለት ነው፤ ቢወዱም ባይወዱም።

አምና ጤፋቸው ያማረ ነበር። የጤፍ ማሳቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው መሬት ድንችና ገብስ ነው የሚበቅልበት። ከዚያ ማሳ የሚገኘው ጤፍ የሁለቱ ሽማግሌዎች የዓመት እንጀራ ነው፤ ሌላ ጤፍ የሚመጣበት መንገድ የለም። ካቻምና ጥሩ ስላልሰጠ እናቴ ዓመቱን ሙሉ በቆሎ ስትደባልቅ ከርማለች፤ አባቴን ደግሞ በቆሎ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። በጥቅምት ሄጄ ሳየው ራሱን ዘንበል አድርጎ እስከ ወገቤ ደርሷል። እናቴ በዳር በኩል በመዳፏ እየዳበሰችው «ዘንድሮ በቆሎ አንደባልቅም» አለችኝ። እንዲህ ቁርጡን ስትናገር ደስ አላለኝም፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። 

የደቦውን ቀን ሊቆርጡ ሲሉ የደወሉልኝን አልረሳውም።

«ሃያ ስድስት ተራው የኔ ነው» አሉ። «ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

«አባዬ፣ ከሳምንት በኋላ የሚሆነውን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ሊዘንብ ይችላል፤ ግን ዕድሉ አነስተኛ ነው።»

«አነስተኛ ስንት ነው?»

«አነስተኛ ማለት ከመዝነቡ አለመዝነቡ ያመዝናል ማለት ነው።»

«አይዘንብም ማለት ነዋ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ይዘንባል ማለት ነው?»

«እሱንም አላልኩም።»

 ጉብታው ላይ ያለው ነፋስ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል። «እንግዲህ ለእናትሽ ምን ልበላት?» አሉኝ። «ልትጠነስሺ ትችያለሽ፣ ላትጠነስሺም ትችያለሽ ልበላት?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ከንዴቴ ብዛት ዋጥኩት። ክፍል ውስጥ ስለዚሁ ነገር ስጨቃጨቅ ውዬ፣ ከባለሙያው ጋር ተጨቃጭቄ፣ ደግሞ ከአባቴ ጋር ከቁርስ በፊት እንደገና። «እርስዎ እንደሚሆን ያድርጉት» ብያቸው ዘጋሁ። ቀኑን ራሳቸው ቆረጡ፤ እናቴም ጠነሰሰች። ከዚያ በኋላ አንድም ጠዋት ሳያልፉ ደወሉ። እኔም አንድም ጠዋት ሳላልፍ «ባብዛኛው ደረቅ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል» አልኳቸው። ትክክለኛው አባባል ይህ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ቃል አልቀይርበትም።

የደቦው ቀን እኔ ዳንግላ ነበርኩ። የሦስት ቀን የመምህራን ሥልጠና ተጠርቼ ነው የሄድኩት፤ ለአባቴ ግን «ሥልጠና ስላለብኝ አልመጣም» ብቻ ነበር ያልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አሠልጣኙ ተማሪን በትዕግሥት ስለ ማዳመጥ ሲያብራራ ስልኬ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘጋሁት። እንደገና ጮኸ፤ ዘጋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

«አጨዳው አልቋል» አሉ አባቴ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ጉብታውን የወጡት እየሮጡ ነው። «ሰዉ ገና አልተበተነም። ይከመር ወይስ ይደር?»

ጤፍ እንደታጨደ ወዲያው ከተከመረ፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ይሞቅና ይሻግታል። ማሳው ላይ እንደተጋደመ ቢያድር ግን ይደርቃል፤ ጊዜው ጥሩ ከሆነ ማሳደሩ ይመረጣል። ችግሩ በማግሥቱ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ከዚያም ቅዳሜና እሑድ። ይደር ከተባለ የሚያድረው እስከ ሰኞ ነው። ሠላሳ ሰው ማሳው ላይ ባለበት ሰዓት መከመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰዉ ከሄደ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች አይችሉትም። ጉብታውን የሮጡት ለዚህ ነበር፤ እኔም አሳምሬ አውቀዋለሁ።

«ጠዋት ነግሬዎት የለም እንዴ?» አልኩ።

«በላይ በኩል ጠቆር ያለ ደመና አይቻለሁ። ነፋሱም ዞሯል።»

«አባዬ፣ ሥልጠና ላይ ነኝ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝና እሄዳለሁ። ይከመር ወይስ ይደር?»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ያየሁት የዳንግላን ሰማይ ነው። አንድ ደመና አልነበረበትም፤ ግቢው ውስጥ የተሰጣው ልብስ እንኳ አይንቀሳቀስም። ዳንግላ አቧራ ሲነሳ እንጅባራ ጭቃ እንደሚሆን በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በመስኮት አይቶ መናገር ትንበያ አይደለም እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

«ይደር» አልኩ። «አይዘንብም። በቃ።»

«አይዘንብም?»

«አይዘንብም አልኩዎት እኮ።»

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ዘጉት።

የተሰማኝ እፎይታ ነበር። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩና ስለ ትዕግሥት የሚሰጠውን ሥልጠና ማስታወሻ እየያዝኩ ተከታተልኩ። ያ ማስታወሻ ደብተር አሁንም አለኝ፤ ገልጬው ግን አላውቅም።

ቅዳሜ ከዳንግላ ስመለስ መንገዱ እስከ እኩሌታው ድረስ ደረቅ ነበር። ወደ እንጅባራ ስንቃረብ ሹፌሩ የመስታወት መጥረጊያውን ከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ከትናንት ጀምሮ አላባራ አለ፤ የሰው አዝመራ ምን ይውጠው ይሆን» አለች።  ለአባቴ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። በዚያ ዝናብ ማን ጉብታ ይወጣል? እንደገና ደወልኩ። አሥር ጊዜ ሳልደውል አልቀረሁም፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ደውዬላቸው አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት በግምጃ ቤት ሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በጭቃ ውስጥ በእግሬ ገባሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ማሳው ዳር ቆመዋል። ጤፉ እንደታጨደ፣ በመደዳ እንደተጋደመ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ መሬት ላይ ተለጥፏል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ነዶ ገለበጥኩት። ከሥሩ ጠቁሯል፤ ጥቂቱም ማጎንቆል ጀምሯል። ሽታው እርጥብ ጭድ ይላል። እናቴ ከቤት አልወጣችም።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጭቅጭቅ ጀመርኩ።

«ደመናውን አይተው ነበር አይደል?»

«አይቼ ነበር።»

«ነፋሱም ዞሮ ነበር።»

«ዞሮ ነበር። ከሰዉም ግማሹ እንከምረው ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከመራችሁትም?»

አባቴ በመገረም አዩኝ፤ መልሱን የማላውቅ አልመሰላቸውም ነበር። «አንቺ አይዘንብም አልሽ» አሉ።

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ያዩትን ሰማይ ትተው የኔን አፍ መስማት ምን ይሉታል አልኩ። ዓይንዎ ያየውን እንዴት ለስልክ ይሰጣሉ አልኩ። ስንት ጊዜ፣ ስንት ጠዋት፣ ሊዘንብ ይችላል ስልዎት አልነበረም ወይ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ቆም ብለው አዩን። አባቴ አላቋረጡኝም። እኔም ማቆሚያ አጥቼ «ዳንግላ የተቀመጠ ሰው የእናንተን ሰማይ ምን ያውቃል?» አልኩ።

«ዳንግላ መሆንሽን አልነገርሽኝም» አሉኝ።



ሰኞ ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጥተው የሚነሳውን አነሱላቸው። ከማሳው የተረፈው ለዘርና ለጥቂት ሳምንት ያህል ነው። ከሌሎቹ ጤፍ የታጨደው ቀድሞ ተከምሮ ነበር፤ ተራው ያልደረሰውም እንደቆመ ዝናቡን ችሎ አለፈ። በየአውድማው ሲወቃ ለአባቴ አንድ አንድ ቁና አመጡላቸው፤ አባቴ ሲቀበሉ አንገታቸውን እንደደፉ ነበር አለችኝ እናቴ። እሷም ዓመቱን ሙሉ በቆሎ ደባለቀች። በሄድኩ ቁጥር ያንን እንጀራ እበላለሁ፤ አንድም ቀን ምንም አላለችኝም። አባቴ ግን እኩሌታውን በልተው ወደ ጎን ገፋ ያደርጉታል፤ ያን ሳይ እኔም አይወርድልኝም።

ነገሩ በቀበሌው ተሰማ። ግምጃ ቤት ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው፣ «መምህርት፣ ዛሬ ሸራ ልዘርጋ ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ባለሙያው የሚቀጥለውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ገና ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት «የፈለግኸውን ጻፍ» አልኩት። ደነገጠ። «አሞሻል እንዴ፣ መምህርት?» አለኝ። ራሱ ‹ሊጥል ይችላል› ብሎ ጻፈና ይዞ ሄደ።

የጠዋቱ ስልክም ቆመ። አባቴ አልተቀየሙኝም፤ በፋሲካም በክረምትም እየደወሉ ከከብቱ እስከ ጎረቤት ሕመምተኛ ያለውን ሁሉ ነገሩኝ። ስለ ሰማይ ግን አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ስልኩን አያለሁ፤ ዝም ብሏል። ይህም ደግሞ አናደደኝ። ስንት ዓመት አላስተኛ ብለውኝ፣ አሁን ደግሞ ዝም ብለው አያስተኙኝም። እኔው ስደውል የሚነሳ ስልክ የለም፤ ረባዳው ውስጥ ናቸው። የአሥር ቀኑን ትንበያ ለእሳቸው በሚገባ መልኩ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። የግምጃ ቤቱን ለብቻ፣ የእንጅባራውን ለብቻ ለይቻለሁ። የሚጠይቀኝ ግን አጣሁ።

ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን በዕረፍት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ስለነበር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሮጬ አነሳሁት።

«አባዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወረቀቱ ለግምጃ ቤት አካባቢ የሚለው እንዲህ ነው፣ በሚቀጥሉት ቀኖች …»

«የሰማዩን ተይው» አሉኝ። «ሰማዩን የማይበት ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ምን ልንገርዎት?»

«ዘንድሮም ተራዬ ሃያ ስድስት ነው። ትመጫለሽ ወይ?»

ሃያ ስድስት ዓርብ ነው። ዓርብ አራት ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል፤ ፈቃድ የሚሰጡት ርዕሰ መምህር ደግሞ ፈቃድ መስጠት የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ልመጣ እችላለሁ፤ ግን …»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ይዘጉታል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አልዘጉትም። በስልኩ ውስጥ ነፋስ፣ ከነፋሱ ወዲህ ደግሞ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቀስ ብለው ነው የወጡት መሰለኝ።

«አጨዳው ሲያልቅ ሰዉ ዞሮ እኔን ነው የሚያየኝ» አሉ። «ይከመር ወይስ ይደር ይሉኛል። አምና ብቻዬን ነበርኩ። ዘንድሮ ከጎኔ ቁሚና ቀና ብለሽ አብረሽኝ እይው። ከዚያ በኋላ የሁለታችን ነው።»

 «እመጣለሁ» አልኩ።

«ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ አባዬ።»

«እንግዲያ እናትሽ ዛሬውኑ ትጠንስስ» ብለው ዘጉት። እኔ «ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱልኝ» የሚለውን ልጨምርበት አፌን ከፍቼ ነበር።